በእንቅልፍ ሰዓት የወጡ ሁለት ላፕቶፖች

በለጠች ሦስት ላፕቶፕ ጉቦ በልታለች ተባለ። አንዱን ለልጇ፣ ሌላውን ለእህቷ ልጅ ሰጠች፤ ሦስተኛውን ሸጣ ፍሪጅ ቀየረችበት። ወሬው ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ተነስቶ ከዚራ ሲደርስ ሦስቱ አምስት ሆነዋል። ባጃጅ ላይ የተሳፈረ ወሬ መንገድ ላይ ሳይጭን ደርሶ አያውቅም።

እንግዲህ እናስተካክል። ላፕቶፖቹ ሁለት ናቸው። ፍሪጁ ያው የድሮው ነው፤ በሩ ዛሬም በገመድ ይታሰራል፣ የፈለገ ሄዶ ይይ። ልጅ የተባለችው ደግሞ የለችም፤ በለጠች ወልዳ አታውቅም። ይህን ሳቢያን ሙሉ ያውቃል፤ ሆኖም ወሬው ለላፕቶፑ ባለቤት ስለፈለገለት በአንድ ከሰዓት ውስጥ ልጅ ወለደላት።

እውነቱ ይሄ ነው። በለጠች ሁለት ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ ከመሥሪያ ቤቷ ወደ ቤቷ ወስዳለች። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ አምስት ቀን። ያውም ከሰባት እስከ ዘጠኝ፣ ድሬ በሯን ቆልፋ፣ መጋረጃዋን ጥላ፣ ባጃጅ ነጂው እንኳ እግሩን በመሪው ላይ ሰቅሎ በሚያንቀላፋበት ሰዓት። ያየቻት ጎረቤቷ ሀምዲያ ነች። ሀምዲያ በዚያ ሰዓት ምን ልትሠራ ነቅታ እንደነበር ግን የጠየቀ የለም።

በለጠች ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ የትራንዚት ድርጅት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነች። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ከጠራሁት ዘቡ ሰላምታ ይነፍገኛል፣ ጥላ ያለው ደግሞ በእሱ በር በኩል ነው። አባቷ ባቡር ጥገና ውስጥ ነበሩ። ሥራቸው የቆመውን ፉርጎ ጎማ አንድ በአንድ በመዶሻ እየመቱ ድምፁን መስማት ነበር፤ ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሯቸው ይነግራቸዋል። አዲስ ብሎን በሳጥን ሲመጣላቸው ከላይ ያለውን አይነኩም፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ከመሃል ነው የሚያወጡት። በለጠች ከአባቷ ቤት አልወረሰችም፣ መሬት አልወረሰችም፤ ይህን እጅ ግን ወርሳለች።

አንድ ደስጣ ወረቀት አምስት መቶ ነው ይባላል። በለጠች አራት መቶ ዘጠና ስድስት አግኝታ አራቷን ቅጠል ከነጋዴው ተቀብላለች። የቀለም ዕቃ ታሸታለች። አዲስ ወንበር ሲመጣ አትቀመጥበትም፣ ገልብጣ ነው የምታየው። በሠርግ ላይ እንኳ የሙሽሪትን ቬሎ ጫፍ ገልበጥ አድርጋ ስፌቱን ስታይ ተይዛለች ይባላል። ይሄኛውን አላረጋገጥኩም፣ ግን አልጠራጠርም።

ከሦስት ዓመት በፊት ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ሠላሳ ላፕቶፕ ገዝቶ ነበር። የግዥ ኮሚቴው ናሙናውን የመረመረው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ኤሲው እንደ ደጋ እየነፈሰ ነው። ላፕቶፑ ተከፈተ፣ በራ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የኮንቴይነር ሜዳ ተላከ። እዚያ የድርጅቱ ጸሐፊዎች የሚሠሩት መስኮት በተቆረጠለት ባዶ ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ ግንቦት ላይ እዚያ ውስጥ መቀመጥ ማለት ራስን ለምሳ ማዘጋጀት ማለት ነው። ዓመት ሳይሞላ አሥራ አንዱ ሞቱ። የቀሩትም ቀትር ላይ ይጠፋሉ። ከኮንቴይነሮቹ በአንዱ የሚሠራ ክፍሉ የሚባል ጸሐፊ አንድ ቀን ለበለጠች ስልክ ደወለ።

«እትዬ፣ ይሄ ላፕቶፕ ድሬን ለምዷል።»

«እንዴት?»

«ከሰባት ሰዓት በኋላ ይተኛል። ዘጠኝ ላይ ሲነቃ ደግሞ ሥራው ላይ የት እንደደረስኩ አያስታውስም።»

ሾፌሮች ሰነድ ጠብቀው ሜዳው ላይ አደሩ፣ ተሳደቡ፣ ደንበኛ ሄደ። ጥፋተኛ ተፈለገ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፣ ኮሚቴ ደግሞ አይቀጣም። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ «ንብረቱን በአግባቡ ሳያጣሩ ተረክበዋል» ብሎ በለጠች ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ደብዳቤውን በፕላስቲክ አድርጋ በመሳቢያዋ አስቀመጠችው። አንዳንድ ሰው የሠርጉን ፎቶ እንደሚያስቀምጥ ማለት ነው።

አሁን እንደገና ግዥ መጣ። ሠላሳ ስድስት ላፕቶፕ። በለጠች ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ቀርቷታል። ሁለተኛ ደብዳቤ ከመጣ ስንብት እንደሆነ ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት በሌባ ስም ከዚያ በር ትወጣለች። የጨነቃት ይሄ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ፕሮፎርማው ተከፍቶ ሁለት ተወዳዳሪ ቀረ። አንደኛው ከአዲስ አበባ የመጣው ኃይለመለኮት ነው፤ በዚያ ሙቀት ከረባት ያሰረ ሰው። በለጠች መጀመሪያ የጠረጠረችው ከረባቱን ነው። ያመጣው ላፕቶፕ ቀጭን፣ ብርማ፣ እንደ ትሪ የተወለወለ ነው።

«እናቴ፣ ይህን በሁለት ጣት ያነሱታል» አላት።

«ሌባም በሁለት ጣት ያነሳዋል» አለችው።

ሁለተኛው ዓደን ነው፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ነጋዴ። የእሱ ላፕቶፕ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጡብ የመሰለ ነው። ዓደን ለታላላቅ ሴቶች ሁሉ በሶማሊኛ «ኤዶ» ይላል፣ አክስቴ እንደማለት።

«ኤዶ በለጠች፣ ወላሂ ይሄ አይሞትም።»

በለጠች ገለበጠችው። አጉሊ መነጽሯን አወጣች። «ይሄ ብሎን ለምን ተፋቀ? ስላሽ ነው? ዱባይ ቢሮ ያረጀውን ወልውለህ ነው ያመጣህልኝ?»

«አቦ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲያስሩት ነው። ኤዶ፣ ሚስቴ እንኳ እንዲህ ገልብጣ አላየችኝም።»

«አይታህ ቢሆን አታገባህም ነበር።»

በለጠች ሥራ አስኪያጁን አቶ ኒቆዲሞስን፣ ናሙናዎቹ ኮንቴይነር ውስጥ ይሞከሩ ብላ ጠየቀች። አቶ ኒቆዲሞስ ኮሚቴው እዚሁ ቢሮ እንደሚያየው በትህትና ነገራት። ትህትናውንም ጠረጠረችው። ሙከራ ይደረጋል ተብሎ ቢወራ ደግሞ ነጋዴዎቹ ከኮሚቴው ቀድመው እንደሚሰሙ ታውቃለች፤ በዚያ ቢሮ ምስጢር ማለት ቀስ ተብሎ የሚነገር ወሬ ነው። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር የዕቃ ማውጫ ሰነድ ቆረጠች። ሰጪ ንብረት ክፍል፣ በለጠች፤ ፈረመች። ተቀባይ፣ በለጠች፤ ፈረመች። የሰው ፊርማ በአጉሊ መነጽር የምታይ ሴት የራሷ ሁለት ፊርማ ጎን ለጎን ምን እንደሚመስል አልታያትም።

ቤቷ ጓሮ አንድ የቆርቆሮ ክፍል አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮት የለውም። አባቷ ከጥገና ክፍል ያመጡት የሙቀት መለኪያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቀትር ላይ አርባ አንድ ይላል። ከኮንቴይነሩ የሚለየው ጸሐፊ ስለሌለበት ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ላፕቶፖቹን እዚያ አስገባች፣ ከፈተች፣ ሥራ አዘዘቻቸው፣ በር ላይ በርጩማ አድርጋ ሰዓቷን ይዛ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ጠፉ። ሁለተኛውም ቀን ሁለቱም ጠፉ። በለጠች ሁለቱም ነጋዴዎች ሌቦች ናቸው ብላ ደመደመች፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ሳይላት አልቀረም።

በሦስተኛው ቀን ሀምዲያ መጣች። ጨው አልቆብኝ ነው የመጣሁት ብላለች። ሁለት ቀን ሙሉ በአጥር ቀዳዳ ስታይ የከረመች ሴት ጨው ሞልቷት እንኳ ያልቅባታል። አንገቷን በበሩ አስገብታ ቆመች።

ላፕቶፖቹ አልጋ ላይ ናቸው። ከሥራቸው ጋቢ ተነጥፏል። በላያቸው፣ በለጠች ቴሌቪዥኑንም ሬዲዮኑንም ፍሪጁንም የምታለብሰው ነጭ ዳንቴል ተዘርግቷል።

«አቦ በለጠች፣ ይሄ ምንድነው? አራስ ናቸው?»

«የሰው ንብረት ነው። እንዳይጫር ነው ጋቢው። ዳንቴሉ ለአቧራ።»

«እና ለምን ጠፉ?»

«ውሸታም ስለሆኑ።»

ሀምዲያ ግንባሯን በሻሿ ጠረገች። «እኔንም በዚህ ሙቀት ጋቢ ላይ አስተኝተሽ ዳንቴል ብታለብሺኝ እጠፋለሁ። ውሸታም ስለሆንኩ አይደለም።»

በለጠች ዳንቴሉን በሁለት ጣቷ አነሳች፣ እጇን ላፕቶፑ ሥር ሰደደች፣ ወዲያው መለሰችው፤ ፈጅቷታል። ሀምዲያ ጨው ተቀብላ ሄደች። ጨው ብቻ ግን አልነበረም ይዛ የሄደችው።

በአራተኛው ቀን በለጠች ላፕቶፖቹን ምንም ሳታለብስ፣ ባዶ ጣውላ ላይ አስቀመጠቻቸው። ቀጭኑ አንድ ሰዓት ከሩብ ሠርቶ ጠፋ። ወፍራሙ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ እየጮኸ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ያቆማል። በለጠች ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ እኔ ዳንቴል ካለበስኩት፣ ጸሐፊው ክፍሉስ አያለብሰውም ያለው ማነው?

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ኮንቴይነሩ ሜዳ ሄደች። ክፍሉ አሮጌውን ላፕቶፕ በታጠፈ ማዳበሪያ ላይ አስቀምጦታል። በላዩ ሽርጡን ጣል አድርጎበታል።

«ይሄ ሽርጥ ምንድነው?»

«አቧራ ነዋ እትዬ። የሰው ንብረት አይደል?»

በዙሪያው ባሉት ኮንቴይነሮች አንገቷን አስገብታ አየች። አንዱ ፎጣ አልብሶታል። አንዷ ሻሿን። በኃላፊያቸው ኮንቴይነር ያለው ደግሞ ዳንቴል ለብሷል፣ ያውም ጠርዙ የተሠራ። ያኔ በለጠች አሥራ አንዱ ላፕቶፕ እንዴት እንደሞተ ገባት። በደል አልነበረም፣ አክብሮት ነው የገደላቸው። ሠራተኛው ደግሞ ንብረት ማክበር እንደማይተው ታውቃለች፤ እሷም አትተውም።

ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ጋቢውን አነጠፈች፣ ዳንቴሉን አለበሰች፣ እንደገና ከፈተች። ቀጭኑ የሚተነፍሰው በሆዱ ነው፤ ጋቢው አፈነው፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ። ወፍራሙ በጎንና በጀርባው ይተነፍሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለምን እንደጠፋም ያኔ ገባት፤ ትርፉን ጋቢ በጎኑ አጥፋ ወትፋበት ነበር። በዚህ ቀን ጋቢውን እንደ ክፍሉ ማዳበሪያ ከሥር ብቻ አደረገች። ወፍራሙ ዳንቴሉን እንደለበሰ፣ እየጮኸ፣ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። ሁሉንም በደብተሯ ጻፈች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ የለበሰው ልብስ።

እሷ ይህን ስትጽፍ ሀምዲያ ወሬዋን ጨርሳ ነበር። ሀምዲያ እስከ ዛሬ «እኔ ሁለት ላፕቶፕ አልጋ ላይ አስተኝታለች ነው ያልኩት፤ ሦስት አላልኩም» ትላለች። እውነቷን ነው። ሦስተኛውን የጨመረው ባጃጁ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ አቶ ኒቆዲሞስ ኮሚቴውን ሰብስቦ በለጠችን አስጠራት። የማውጫ ሰነዱ ፊቱ ተዘርግቷል።

«ወይዘሮ በለጠች፣ ሰጪም እርስዎ፣ ተቀባይም እርስዎ?»

ሰነዱን አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዋ ሥር ቀላ። «ልክ ነው። ይሄ የሌላ ሰው ቢሆን እኔም እይዘው ነበር» አለች። «ዕቃዎቹ ግን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ መጋዘን ተመልሰዋል። የወሰድኳቸው ልሞክራቸው ነው።» ደብተሯን አቀረበች።

አቶ ኒቆዲሞስ ገለጠው። «ወፍራሙ ይሻላል ይላል። ወፍራሙ የዓደን ነው። ከተማው ደግሞ ዓደን ሰጥቷታል ነው የሚለው። ምስክር አለዎት?»

«አለኝ። ያው ከተማው ራሱ ነው። ሀምዲያ።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ፣ ወዲያው ሳል አደረገው። በለጠች አልሳቀችም።

«ምስክር ካልበቃ፣ ይህን ኤሲ አጥፉልኝ። መስኮቱን ዝጉ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፤ እዚሁ እንቀመጥ። ወፍራሙ ቀድሞ ከጠፋ ያን ሁለተኛ ደብዳቤ ዛሬ ጻፉት።»

ክፉኛ የቸገራቸው የምሳ እንቅልፋቸው ነው እንጂ ደብዳቤውስ ደስ ብሏቸው ይጽፉታል። ግን እምቢ ቢሉ የሚፈሩት ነገር ያለ ይመስላል። ኤሲው ጠፋ። ላፕቶፖቹ በታጠፈ ጋቢ ላይ ተቀመጡ፤ በለጠች ዳንቴሉን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አለበሰቻቸው፣ ጠርዙን አስተካከለች። አምስት የኮሚቴ አባል፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ዳንቴል የለበሱ ላፕቶፖች ተዘግቶባቸው ተቀመጡ። መጀመሪያ ከረባት ተፈታ። ቀጥሎ ጫማ ወለቀ። የሒሳብ ክፍሉ አባል በሃያ አምስተኛው ደቂቃ እንቅልፍ ወሰደው፤ ቀጭኑ ላፕቶፕ ከእሱ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ተከተለው። ወፍራሙ እየጮኸ ቀጠለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቢሮው ውስጥ ከበለጠች ሌላ ነቅቶ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ተዘጋ ተባለ። ይቅርታ የሚል ወረቀት አልተጻፈም፤ ለዚያ ማኅተም የለም። ዓደን አሸነፈ። የዓደን ናሙና በሰነድ ተመለሰለት። ቀጭኑን ግን አቶ ኒቆዲሞስ «ኃይለመለኮትን እኔው አስረክበዋለሁ» ብሎ በክንዱ ሥር አድርጎ ወጣ። በለጠች የመመለሻ ሰነዱን ሦስት ጊዜ ጠየቀች። ሦስቱንም ጊዜ «ይመጣል» ተባለች።

ከወር በኋላ የዓደን ካርቶኖች መጡ። በለጠች ከላይ ያሉትን አልነካችም፤ ከመሃል አስወጣች፣ አስከፈተች፣ ብሎን በብሎን በመነጽሯ አየች።

«ኤዶ፣ አገኘሽ?» አላት ዓደን።

«ምንም የለም።»

«ታዲያ ለምን ተከፋሽ?»

«ምንም ስለሌለ ነዋ። ጎበዝ ደብቀሃል።»

ስትቆጥር ግን ሠላሳ ሁለት ናቸው። ዓደን ትዕዛዙን አሳያት፤ የታዘዘው ሠላሳ ሁለት ነው። አራቱ የት ሄዱ ብላ ሳትጨርስ ወደ አቶ ኒቆዲሞስ ቢሮ እንድትመጣ ተነገራት።

ኤሲው በርቷል። ሥራ አስኪያጁና ሌሎች ሦስት የክፍል ኃላፊዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዳቸው ፊት አንድ ቀጭን፣ ብርማ፣ እንደ ትሪ የተወለወለ ላፕቶፕ አለ። ፕሮፎርማ አልወጣም፣ ኮሚቴ አልተሰበሰበም፣ በከተማውም አንድ ቃል አልተወራም፤ ሀምዲያ እንኳ አልሰማችም። አቶ ኒቆዲሞስ የመረከቢያ ሰነዱን ወደ በለጠች ገፋ አደረገው።

«እነዚህ ለማኔጅመንት ናቸው፣ ኤሲ ውስጥ ስለሆንን። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

በለጠች መነጽሯን አደረገች። ሰነዱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ገልብጣም ጀርባውን አየች። ከዚያ እስክሪብቶውን ሳትከፍት ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችና አራቱን በየተራ አየቻቸው።

«የእኔዎቹ ናሙናዎች የተኙበትን አልጋ ድሬ ሙሉ ያውቃል» አለች። «የዚህ የቀጭኑ ናሙና ግን ይሄን ወር ሙሉ የተኛው የማን ቤት ነው?»